ሚግዳሊያ የምታንኳኳው በር

የሚግዳሊያ እጆች ሥራ ላይ ናቸው። ከሰል እሳት ላይ አንዲት የቲማቲም ጣሳ ተጥዳለች፤ በጣሳዋ ውስጥ የስፌት መኪና ዘይት አለ፣ በዘይቱ ውስጥ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ የነሐስ ቀለበት። ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ ከቀለበቷ ጎን ጥቃቅን አረፋዎች ይወጣሉ፤ ውሃ ውስጥ የጠለቀ ሰው የያዘውን ትንፋሽ ቀስ እያለ እንደሚለቅ። ሚግዳሊያ በቀጭን ሽቦ ታገላብጣታለች። ጣቶቿ ለእሳቱ ቅርብ ናቸው፣ ግን አይሸሹም። የቬንትሌተሩ ዘንግ የሚዞረው በዚች ቀለበት ውስጥ ነው። ነሐሱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል፤ ዘይቱን ይዞ የሚኖረው በዚያ ነው። ሲደርቅ በዘይቱ ቦታ አየር ይገባል፤ አየሩ ተንፍሶ ካላለቀ ዘይቱ ተመልሶ አይገባም። አጠገቧ የቆመ ሰው ቸኩሎ "አልበቃውም?" ካላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ተወው፣ ይጠጣ።"

ሳይጠራ የሚመጣ ሰው የሌለበት መንገድ በዓለም ላይ የለም። አንዱ ሰፈር የሰው ድስት ከፍታ ጨው የምትጨምር ጎረቤት አለችው፤ ሌላው የማንንም ልጅ ክብደት በዓይኑ የሚመዝን ሽማግሌ አለው። በከተማችን በማንሳኒዮ ወደ ባሕሩ ለሚወርደው የእኛ መንገድ የደረሰችው ሚግዳሊያ ነች። ክብርት ሚግዳሊያ፣ የቬንትሌተሮች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የዘንጎች እናት፣ በደረቀ ነሐስ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ የምትሰጥ። ማዕረጉን የሰጧት ጥግ ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ናቸው። እሷ ቀልድ መሆኑ አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ተቀብላዋለች።

በእኛ ከተማ ደግሞ ቬንትሌተር እንዲሁ ዕቃ አይደለም። ሙቀቱ ከባሕሩ ተነስቶ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ሲጫን በአንድ ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ቬንትሌተር የቤተሰቡ ታላቅ ነች፤ ወደ እሷ አልጋ ይጠጋል፣ ወደ እሷ ወንበር ይሳባል፣ ስለ እሷ ወንድማማች ይኮራረፋል። አብዛኞቹ ድሮ በመርከብ የመጡ ናቸው። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ተላልፈዋል። ክንፋቸው ተቀይሯል፣ መከለያቸው ዝጎ ወድቋል፣ የአንዳንዱ እግር የአሮጌ ስልክ አካል ነው። ሞተሩ ግን ያው ነው፣ ቀለበቷም ያችው።

ሚግዳሊያ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር አትችልም፤ የደረቀ ቀለበት ሲያፋጭ እየሰማች ዝም ማለት። ከዶሚኖ ተጫዋቾቹ የአንዱ፣ የኤልፒዲዮ የልጅ ልጅ፣ በእኛ ዘንድ እንደ ሠርግ የሚደገሰውን አሥራ አምስተኛ ዓመቷን ስታከብር፣ ልጅቷ ረጅም ቀሚሷን ሰብስባ ከአባቷ ጋር ልትደንስ እጇን ስትሰጠው፣ ሚግዳሊያ ተነስታ ሄዳ የአዳራሹን ቬንትሌተር አጠፋችው።

"ማናችሁም አትሰሙም እንዴ? እየለመነ ነው" አለች።

ዳንሱ በሙቀት ተጨፈረ፤ የኬኩ ሮዝ ክሬም ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ወረደ። ኤልፒዲዮ እስከ ዛሬ ያነሳዋል።

ቤተ ክርስቲያንም አልቀረላትም። ከቦርሳዋ የማይለይ አንድ የእንጨት ማንኪያ አላት፤ ሰፊውን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ እጀታውን የቬንትሌተሩ ጀርባ ላይ ትደግፍና ዓይኗን ትጨፍናለች። በጥርሷ ነው የምትሰማው። አንድ እሑድ በስብከት መሃል አግዳሚው ላይ ወጥታ እንዲህ ስታዳምጥ ቄሱ ንግግራቸውን አቋረጡ።

"ሚግዳሊያ ልጄ፣ እግዚአብሔርም እኮ እየተናገረ ነው።"

"አውቃለሁ አባ። ይሄኛው ነው የማያሰማው።"

ጥያቄዋም አያልቅም። ዘንጉን አሽትታ ዓይን ዓይንሽን ታያለች። "ምን ቀባሽው?" ትላለች። "ምንም" ትያታለሽ። "ምን ቀባሽው?" ትላለች እንደገና፣ በዚያው ድምፅ። እስክትናዘዢ ድረስ አትሄድም። የምግብ ዘይት የቀባ አለ፤ በጥቂት ሳምንት ሙጫ ይሆናል። የፀጉር ቅባት የቀባ አለ። ከመኪና ፍሬን ዘይት የቀዳ አለ። ሁሉንም በጠረኑ ታውቃለች፣ ሁሉንም በስማችን እየጠራች ትሰድበናለች።

እስከዚህ ያለውን ቀን በቀን እየሳቅን የምናወራው ነው። የሚቀጥለውን ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው።

ጫማ ሰፊው ካሲሚሮ ቤት ሳትጠራ ገባች፤ ቬንትሌተሩን ፈታች፣ በላምባ አጠበች፣ ዘይት አጠጣች፣ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ቤት የካሲሚሮን ሬሳ ከበን ተቀመጥን። ቬንትሌተሩ ከራስጌው ይዞር ነበር፣ ምንም ድምፅ የለውም። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ነፋስ መኖሩ የሚታወቀው። ከዚያ ኦርቴንሲያ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት፤ እሷም ጋ ሚግዳሊያ ማንኪያዋን ነክሳ ገብታ ነበር፣ እሷም ጋ ለቅሶ ተቀመጥን፣ ያ ድምፅ የሌለው ነፋስ ፊታችንን እየነካን። ከዚያ በኋላም ሌሎች።

"ይቺ ሴትዮ ቬንትሌተር አይደለም የምትጠግነው" አለ ኤልፒዲዮ ዶሚኖውን እያስቀመጠ። "ለቅሶ ቤት ነው የምታዘጋጀው። ቀድማ የምትመጣው እሷ ነች፣ ያኛው ይከተላታል።"

ሰዎቹ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ማንም ቀና ብሎ ወደ ሚግዳሊያ ቤት አላየም።

ከዚያ ወዲህ በቀትር፣ ፀሐዩ ግድግዳውን ሁሉ ነጭ አድርጎት ሰው ምሳ በልቶ በሚጋደምበት ሰዓት፣ ሚግዳሊያ ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ወደ መንገዱ ስትወጣ አንድ እንግዳ ነገር ይሆን ጀመር። ከፊቷ ያሉት ቤቶች መስኮት ዘግተው ቬንትሌተራቸውን ያጠፋሉ። መጀመሪያ የመጀመሪያው ቤት፣ ከዚያ ቀጣዩ። ሰዉ በላብ ተጠምቆ ትንፋሹን ይዞ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ የጫማዋ ድምፅ እስኪያልፍ። ስታልፍ መልሰው ያበሩታል። ከላይ ሆኖ የሚያይ ቢኖር ዝምታ እንደ ሰው በመንገዱ መሃል ሲወርድ ያይ ነበር። እሷ ያላስተዋለች መስሎን ነበር።

በዚያ ወቅት ነው የሶራይዳ የልጅ ልጅ የተወለደችው። ሶራይዳ የሰው ልብስ እያጠበች ልጇን ያሚሌን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ነች፤ ያሚሌ ደግሞ ወሯ ሳይገባ ኢቬትን ወለደች። ሕፃኗ ከሆስፒታል ስትመጣ አንዲት ዳቦ ብታክል ነው። ነርሷ አንድ ነገር አስጠንቅቃ ነበር የላከቻቸው፤ ሙቀት እንዳይጫናት። ስለዚህ መብራት እስካለ ድረስ ቬንትሌተሩ አጎበር ከተጣለበት አልጋዋ አጠገብ ቀንም ሌትም ይዞራል። ሶራይዳ ሌላ ሥራዋን ትታ የሕፃኗን ደረት ትቆጥር ጀመር፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ።

ከዚያ ቬንትሌተሩ ማፋጨት ጀመረ። መጀመሪያ በጭራሽ የማይረባ ድምፅ ነበር፣ በሌላ ክፍል መጥረጊያ እንደሚጠርግ። ከዚያ እያደገ ሄደ። ሶራይዳ ዓይኗን ስትጨፍን አንድ ሰው ወንበሩን በጥቂት በጥቂቱ እየጎተተ ወደ ሕፃኗ አልጋ የሚጠጋ ይመስላት ነበር። ትከፍታለች፣ ማንም የለም። ትጨፍናለች፣ ወንበሩ ትንሽ ቀርቧል።

"እማዬ፣ እማማ ሚግዳሊያን ለምን አንጠራቸውም?" አለች ያሚሌ። "እዚሁ ታች ናቸው።"

"ስሟን እዚህ ቤት አታንሺ።"

"ቆሞ ቆሞ ነው እኮ የሚዞረው።"

"እንደፈለገ ይዙር።"

"አንቺ ደግሞ በጋሽ ኤልፒዲዮ ወሬ…"

"ካሲሚሮ ጋ ገባች፣ ካሲሚሮ የት አለ? ኦርቴንሲያ ጋ ገባች፣ ኦርቴንሲያ የት አለች? እስቲ ንገሪኝ።"

ያሚሌ ወደ ልጇ ዞረች።

ሶራይዳ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከቤቷ ጥግ፣ ነጭ ለባሽ ለምንለው የሰላም ቅዱስ በነጭ ሳህን ከምታስቀምጠው የካካዎ ቅቤ ቆረሰች። በእኛ ዘንድ የጋለ ራስ ይቀባበታል፣ ትኩሳት ይበርድበታል፣ የተጣላ ሰው ግንባር ይታሽበታል፤ ነጭ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰላም ያመጣል። ለጋለ ብረት የማይሆንበት ምክንያት አልታያትም። እየጸለየች ዘንጉ ላይ አሸችው። ቬንትሌተሩ ወዲያው ዝም አለ። ከዚያ ከእንቁላል ቅርፊት በተፈጨው ነጭ ጠመኔ በሩ ላይ መስቀል፣ ደፉ ላይ ደግሞ ከጫፍ ጫፍ መስመር አሰመረች። ሞት ያንን መስመር አይሻገርም። ሞት ማን እንደሆነ ደግሞ ሶራይዳ ታውቃለች፤ የእንጨት ማንኪያ ይዞ ነው የሚሄደው።

በማግስቱ ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን የታፈነ ሆኖ፣ በትራስ ሥር እንደሚያቃስት። ያሚሌ ከሕፃኗ አጠገብ እንቅልፍ ወስዷታል። ቀትር ነበር። ሶራይዳ በመንገዱ ላይ ያሉት ቬንትሌተሮች አንድ በአንድ ሲጠፉ ሰማች። ዝምታው እየቀረበ መጣ። እጇን ማብሪያው ላይ አደረገች። ሌላ እጇን የሕፃኗ ግንባር ላይ፤ ግንባሩ ትኩስ ነው። ማጥፋት አልቻለችም።

የጫማው ድምፅ በሯ ላይ ቆመ። በማንኪያ እጀታ፣ ቀስ ብሎ፣ ተንኳኳ።

"ሶራይዳ።"

ሶራይዳ እጇን ከማብሪያው አላነሳችም።

"ሶራይዳ፣ እንዳለሽ አውቃለሁ። እሱ ካለ አንቺም አለሽ።"

"ማነው እሱ?"

"ቬንትሌተሩ ነዋ። ማን ሊሆን ኖሯል?"

"ደህና ነው። ሂጂ።"

"ምን ቀባሽው?"

"ምንም።"

"ምን ቀባሽው?"

ሶራይዳ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። "ሚግዳሊያ፣ ማንን ልትወስጂ ነው የመጣሽው? በግልጽ ንገሪኝ። እኔ አለሁ። ኖሬአለሁ፣ ይበቃኛል። እኔን ውሰጂ።"



"አንቺን የት አባቴ ልሸከምሽ?" አለች ሚግዳሊያ። ከዚያ የተሰማው ጉልበቷ ሲንቋቋ ብቻ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

አልሄደችም። በሩን ተደግፋ፣ ዓይኗ የማያየውን በጆሮዋ እየተከተለች ታወራ ጀመር።

"አሁን ከበደው" አለች። ሶራይዳ ዞር ብላ አየች፤ ክንፎቹ ከብደዋል፣ አንድ በአንድ ይታያሉ።

"አሁን ሊቆም ነው። እየገፋ ነው፣ አልሆነለትም።"

ክንፎቹ ትንሽ ተወዛወዙ፣ ቆሙ። ማፋጨቱ ጠፋ። የሚሰማው ከሞተሩ ሆድ የሚወጣ ቀጭን እምምታ ብቻ ነበር፣ አፉን ዘግቶ እንደሚያንጎራጉር ሰው። ሶራይዳ ለአንድ አፍታ አረፈች፤ ወንበር ጎታቹ የሄደ መሰላት። ቀጥሎ ቤቱን አንድ ጣፋጭ ሽታ ሞላው።

ያሚሌ ዓይኗን ሳትገልጥ "እማዬ" አለች በእንቅልፍ ልብ፣ "ቸኮሌት ማን አፈላ?"

በዚያ ቤት ቸኮሌት ከፈላ ዓመታት አልፈዋል።

ከበሩ ውጭ ሚግዳሊያ ስትነሳ ተሰማ። ድምጿ ተለውጧል፤ እንደዚያ ስትናገር ማናችንም ሰምተናት አናውቅም።

"ሶራይዳ፣ ስሚኝ። እኔ አልገባም። በሩን አትክፈቺልኝ፣ አልገባም። አንቺ ሶኬቱን ንቀዪው። አሁን። አጎበሩን ከእሱ አርቂው፣ ልጅቷን አንሺያት።"

ሶራይዳ ሶኬቱን ነቀለች። የሕፃኗ አጎበር ጫፍ የሞተሩ ጀርባ ላይ አርፎ ነበር፤ ስትጎትተው ጫፉ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ በእጇ ላይ ተሰባበረ። ኢቬትን ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ሕፃኗ በቁጣ አለቀሰች፤ ያን ያህል ጉልበት እንዳላት እስከዚያ ቀን ማንም አላወቀም ነበር።

ከዚያ ሶራይዳ በሩን ከፈተችው።

ሚግዳሊያ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ነጩን መስመር አየችው፤ ቀና ብላ ሶራይዳን አየቻት፤ እግሯን አላነሳችም። ሶራይዳ ሕፃኗን እንደያዘች በርከክ ብላ መስመሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

"ግቢ እንግዲህ" አለች።

ሚግዳሊያ ገብታ ሞተሩን አሸተተች። "የካካዎ ቅቤ።"

"እንዲበርድ ብዬ ነው።"

"በርዷል። ከዚህ በላይ አይበርድም።"

ያን ቀን ከሰዓት የመንገዱ ሰው ሁሉ ስድቧን ጠገበ። ሚግዳሊያ በሩ ላይ ቆማ የዶሚኖ ተጫዋቾቹን በስማቸው ጠራቻቸው፤ እሷ እስክትጨርስ ድረስ ሕፃኗን በካርቶን ተራ በተራ እንዲያራግቡ። ኤልፒዲዮም መጣ። የዶሚኖውን ሳጥን ክዳን ይዞ ከአንዲት ዳቦ የማትበልጥ ፍጡር ፊት እንደ አገልጋይ ቆሞ አራገበ፣ ዓይኑን ከሚግዳሊያ ሳይነቅል።

እሷ የተቃጠለውን ቅቤ በላምባ አጥባ ፋቀችው። ቀለበቷ በአንድ ጎን ተበልታ እንቁላል መስላ ነበር፤ ያልተበላው ጎኗ ክብደቱን እንዲሸከም አዙራ ልታስገባት ወሰነች። ዘይቱን ዙሪያዋን ይዞ የሚያቀብላትን ሱፍ ከአሮጌ ባርኔጣ ቆረጠች። ጣሳዋን ከሰሉ ላይ ጣደች። አረፋው ይወጣ ጀመር።

"እንዴት ነው የምታውቂው?" አለች ሶራይዳ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ።

"ምኑን?"

"የሚሞተውን ሰው።"

"የሚሞተውን አላውቅም። ጤነኛ ሰው ቬንትሌተሩን አጥፍቶ ወደ ጉዳዩ ይወጣል። እኔ ሳልፍ እንኳ ማጥፋት የሚችል ሰው ደህና ነው።" አረፋውን አየችና ቀጠለች። "ማጥፋት የማይችለው ቤት ግን ከሥሩ የተኛ ሰው አለ። ቀንም ሌትም ሲዞር ነው ቀለበቷ የምትደርቀው። እኔ እሱን ነው የምሰማው።"

"ታዲያ ካሲሚሮ…"

"ካሲሚሮን ማዳን አልችልም። የምችለው ይሄን ነው።" በሽቦው ቀለበቷን ነካ አደረገቻት። "ግን ሰው ያን ማፋጨት እየሰማ ከዚህ ዓለም መሄድ የለበትም። አሰብኩት፣ አላስችል አለኝ።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"መስኮት ትዘጉብኝ ነበር እኮ። ለመስኮት ላውራ?"

ክዳኑ ኤልፒዲዮ እጅ ላይ ቆመ።

"አንተ አራግብ" አለችው።

ጣሳዋ ከእሳት ወርዳ ቀለበቷ በዘይቱ ውስጥ ቀዘቀዘች፤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚስበው። ቬንትሌተሩ ተገጥሞ ሲበራ ማንም የበራ አልመሰለውም። ሶራይዳ እጇን ከፊቱ ዘርግታ ነፋሱን ካገኘችው በኋላ ነው ያመነችው። በዚያ ነፋስ ሥር ኢቬት አደገች። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ ከሚጫወቱበት ጠረጴዛ ሥር እየገባች ጠጠራቸውን ትሰርቃለች፣ ኤልፒዲዮም ሲሰረቅ እንዳላየ ይሆናል።

በመንገዳችን አሁን በቀትር ቬንትሌተር የሚያጠፋ የለም። እውነቱን ልናገርና፣ ያ ጫማ በራችን ላይ ሲቆም ዛሬም ጀርባችን ይበርዳል። ግን ወንበር እናወጣላታለን።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሚግዳሊያ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ከመንገዱ ጫፍ፣ ባሕሩ ግድግዳውን በበላው ቢጫ ቤት ውስጥ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በቀትር የማትወጣባቸው ቀናት አሉ። በዚያ ካለፋችሁ ከመስኮቷ ሥር ቆማችሁ አታዳምጡ፤ የእሷ ቬንትሌተር ቀን ከሌት ቢዞርም ማንም አይሰማውም፣ እሷው ነች የሠራችው። ጆሯችሁን አትመኑ። አንኳኩ።